የጭቃ ቤታችሁን ፊት «በሳምንት እናሳምራለን» ለሚሏችሁ ቀብድ አትስጡ

ጅማ ውስጥ ያረጀ የጭቃ ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ቤታችሁ ወደ ዋና መንገድ ፊቱን የሰጠ ከሆነ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ እለምናችኋለሁ። በየሰፈሩ በር እያንኳኩ የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ፎቶግራፍ የሞላበት አልበም ያሳያሉ፣ አነጋገራቸው ትሁት ነው፣ «እማማ፣ ቤትዎ ከመንገድ ሲታይ አርጅቷል፤ ብሎኬት እናስመስልልዎታለን» ይላሉ። ጥቅሉ ይህ ነው፦ የፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን፣ ኳርትዝ መቀባት፣ ከታች እስከ ወገብ ድረስ ሴራሚክ መለጠፍ፣ አሮጌውን የእንጨት በርና መስኮት በላሜራ መቀየር። ሥራው በሳምንት ያልቃል፤ ከጠቅላላ ዋጋው 70 በመቶው ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል።

ሂርማታ አካባቢ የምትኖረው አክስቴ ተቀብላ አሠራች። ለአዲስ ዓመት ቤቱ አበራ፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። በቀጣዩ ክረምት ከመስኮቱ ሥር ልስኑ እንደ ሆድ ተነፋ፣ ከዚያ ትልቅ ቁራጭ ከነጭቃው ተገንጥሎ ወደቀ። ከሥሩ የታየው ወጋግራ ጠቁሮ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈር ነበር። ከዚያ በፊት ያ እንጨት ለብዙ ዓመታት ምንም አልሆነም ነበር። ሠሪዎቹን በሰጡት ስልክ ብንፈልጋቸው አይነሣም። አንዲት ሴት ያጠራቀመችውን ገንዘብ ወስዶ ቤቷን ይባስ አድክሞ መሄድ ምን ያህል ከባድ በደል እንደሆነ የሚሰማኝን ሁሉ ብጽፍ ገጹ አይበቃኝም፤ ስለዚህ ወደ ምክንያቱ ልሂድ።

የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋል። ምርግና ኖራ ይህንን አይከለክሉትም። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ነው። ከጭቃው ጋር በደንብ አይያያዝም፤ ጭቃው ርሶ ሲያብጥና ደርቆ ሲኮማተር ልስኑ አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከመሬትም ወደ ላይ ይሳባል፣ መውጫ ግን የለውም። በልስኑና በጭቃው መካከል ታምቆ ጭዱን ያበሰብሳል፣ ማገርና ወጋግራውን ያረጥባል። የራሰ እንጨት ደግሞ ምስጥ ይጋብዛል። ታች የተለጠፈው ሴራሚክ ነገሩን ያብሰዋል፤ ከመሬት የሚመጣው እርጥበት ሊወጣ የሚችልበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋልና። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር፣ ዝቅ ባለው መሬት ላይ ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ሰዎቹ የሚመጡበት ወቅትም አብሮ ይታሰብ። ነሐሴና ጳጉሜን ላይ ሁሉም ሰው ቤቱን ለበዓል ማደስ ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ግን ግድግዳው የክረምቱን ውሃ ሁሉ ይዟል። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊትም አራት ሳምንት ያህል መድረቅ ይኖርበታል። እንግዲህ በሳምንት ተለስኖ፣ ተቀብቶ፣ ተጠናቆ የሚረከቡት ሥራ ምን ዓይነት ነው? እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል።

በጣም የሚያንገበግበኝ የበሮቹ ጉዳይ ነው። «አሮጌውን እኛው እናነሳልዎታለን» ሲሉ ደግነት ይመስላል። የአክስቴ በር የዋንዛ ጣውላ ነበር፤ ወፍራም፣ ያልተጣመመ፣ የበርጩማ ጠራቢዎቻችን የሚመርጡት ዓይነት እንጨት። በጋሪ ጭነው ወሰዱት፣ አንድ ሳንቲም አልቀነሱላትም። በምትኩ የተገጠመው ስስ ላሜራ ታችኛው ጠርዙ ገና ካሁኑ ዝጓል። ዛሬ ያንን እንጨት ደረቅ ሆኖ ማግኘት ቀላል አይደለም። የድሮ በራችሁን ማንም እንዳይነካባችሁ።

ሒሳቡን በራሳችሁ አስሉት። ስፋቱ 10 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ፊት 30 ካሬ ሜትር ነው፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 24 ያህል ይቀራል። 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ልስን፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ሲቀላቀል፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሚንቶ ይበቃል። ይህም ባለ 50 ኪሎው ከረጢት አራት ማለት ነው፤ ብክነት ቢጨመር አምስት ወይም ስድስት። ለአክስቴ የቀረበው ዝርዝር 20 ከረጢት ይላል።

ውሉ ላይ ያ 70 በመቶ «ቀብድ» ተብሎ ነው የተጻፈው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የእነሱ ወረቀት የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን በግልጽ ያስቀራል። ስለዚህ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ አብዛኛው ገንዘባችሁ ሄደ ማለት ነው፣ እነሱ ቢጠፉ ግን እጥፍ አትጠይቋቸውም። የምትከፍሉትን በሥራው ደረጃ ከፋፍሉት፣ የመጨረሻውን ክፍያ አንድ ክረምት እስኪያልፍ አቆዩት። ይህን የማይቀበል ሠራተኛ ሥራው እንደማይቆይ ያውቃል። ደረሰኝና ንግድ ፈቃድ መጠየቅ እንደ ስድብ የሚቆጠርባችሁ ከሆነ በሩን ዝጉ።

ቤታችሁ ከመንገድ ሲታይ እንዲያምር መፈለጋችሁ ተገቢ ነው፤ እኔም የሰፈሬ በረንዳዎች ሲያምሩ ማየት ደስ ይለኛል። ግን ከውሃው ጀምሩ። ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት መትቶ የግድግዳውን እግር የሚያቆሽሽና የሚሸረሽር እሱ ነው፤ አሸንዳ ካልተሰቀለ የትኛውም ቀለም አይቆይም። በግድግዳው ዙሪያ ውሃውን ወደ ውጭ የሚወስድ ቦይ አስቆፍሩ። ከዚያ የምሰሶዎቹንና የወጋግራውን እግር በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ እንጨቱ ሳይቀየር ምንም አታስቀቡ። የተፈረፈረውን ቦታ ከጭድ ጋር ለቀናት በቦካ ጭቃ አስመርጉ፣ ሲደርቅ ኖራ አስቀቡት። ይህን በደንብ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በየሰፈሩ አሉ፣ ዋጋቸውም አይከብድም። የእንጨት በርና መስኮቱን አስፍቃችሁ ዘይት ወይም ቫርኒሽ አስቀቡ፣ የአጥሩን በር ቀለም አድሱ፣ በረንዳው ላይ አበባ ይኑር። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄዳችሁ እዩ፤ ውበቱ ያለው በእንጨት ሥራውና በሰገነቶቹ ነው። የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ግድግዳው ሲደርቅ ነው።

የመንገድ ዳር ቤት ከሆነ ስለ ቀለሙ አስቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ ሥራው ካልተጀመረ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስቁሙ። ከተጀመረ ልስኑን በጣታችሁ መገጣጠሚያ እያንኳኳችሁ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት፣ ፎቶ አንሡ፣ ውሉን፣ ዝርዝሩንና የከፈላችሁበትን ማስረጃ አንድ ላይ አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፤ አቤቱታችሁን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። አክስቴም አቅርባለች። ልስኑ የተነፋበትን ቦታ ግን የአቤቱታው ውጤት እስኪመጣ ዝም ብላችሁ አትተዉት፤ ፎቶው ከተነሣ በኋላ አስነሥታችሁ ግድግዳው አየር እንዲያገኝ አድርጉ።