ዕጣ የሚጥለው ሶፍትዌር፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

አዳማ ላይ ለግንባታ የአፈር ምርመራ እንሠራለን። 24 ጂኦፎን (የመሬት ንዝረት መቅጃ) በመስመር እንተክላለን፣ ልጁ በ8 ኪሎ መዶሻ የብረት ሳህኑን ይመታል፣ የገጽ ሞገዱን እንቀዳለን። ዝግ ያለው ንዝረት ጥልቁን፣ ፈጣኑ ላይኛውን አፈር ስለሚያይ ከዚያ ሞገዱ በየንብርብሩ የሚሄድበትን ፍጥነት ማውጣት ይቻላል። ድሮ ይህን በግምት ስሞክር ለአንድ ሳይት ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። ይኸኛው ሶፍትዌር በዘፈቀደ ሞዴል፣ ማለትም የንብርብር ግምት፣ ይፈጥራል፣ ከልኬቴ ጋር ያስተያያል፣ ደህና የገጠሙት አካባቢ ደግሞ አጥብቆ ይፈልጋል። ማልኮም ሳምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው ዘዴ ነው። አቦል ሲቀዳ አስጀምሬው በረካ ሳይደርስ 50 ሺህ ሞዴል ይጨርሳል።

ወደ ወንጂ መውጫ ያለው ሳይት እስኪመጣ ድረስ ስመርቀው ነበር። ፍጥነቱ ከላይ ወደ ታች እየጨመረ የሚሄድ፣ ስህተቱ ኢምንት የሆነ ውጤት ሰጠኝ፤ ሪፖርቱን ጻፍኩ። ቆፋሪዎቹ 6 ሜትር ላይ ድንጋዩን ጨርሰው ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ውስጥ ገቡ። ከናሙናው ሳጥን አንስቼ በሁለት ጣት ስጨብጠው ተፈረፈረ፤ ብሎኬት የሚሠራበት ዓይነት። ለካ ሶፍትዌሩ «ፍጥነት በጥልቀት ይጨምራል» (ማለትም ወደ ታች ሲሄዱ መሬቱ እየጠነከረ ይሄዳል) የሚለውን ምርጫ ከፋብሪካው ምልክት አድርጎበት ነው የሚመጣው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራው አንዴ ድንጋይ አንዴ አመድ እየደራረበ በሠራው መሬት! ምልክቱን አንስቼ ስደግመው ልሉ ንብርብር ወጣ። ዕጣው ውስጥ ያልገባ ስም አይወጣማ።

ሌላው፣ ያንኑ ዳታ ሦስት ጊዜ ባስሮጠው የታችኛው ድንጋይ አንዴ 11፣ አንዴ 14፣ አንዴ 17 ሜትር ላይ ይመጣል። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አሁን የምወድለት ይህንኑ ነው፦ ጥሩ የገጠሙትን ሁሉ ባንድ ላይ አስሥለዋለሁ፤ መስመሮቹ ከተጣበቁበት አምናለሁ፣ እንደ መጥረጊያ ከተበተኑበት አላምንም። ከላይ እስከ 30 ሜትር ያለው አማካይ ፍጥነት ግን ብዙም አይዋዥቅም፤ ለሕንፃ ኮዱ (ለመሬት መንቀጥቀጥ ደንቡ) የሚፈለገውም እሱ ነው። ችግሩ ድንበሩ ላይ ነው። በሰከንድ ከ360 ሜትር በታች ከሆነ መሬቱ በኮዱ ከ«ቢ» ምድብ ለስለስ ወዳለው «ሲ» ይወርዳል። አንድ ሳይት ላይ ግማሹ ሞዴል ከላይ፣ ግማሹ ከታች ሆነና «ሲ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ «ኢንጂነር፣ ኮምፒውተሩ እኮ አንድ ቁጥር ነው ያወጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሚያትመው ሪፖርት አንደኛ የወጣውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ይህን የነደፈውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል።

የባጃጅ ጫጫታ የገባበትን ልኬትም ሳያጉረመርም ይቀበላል፤ ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ሳይት ላይ ነን።

የሶፍትዌሩን ፈቃድ አድሻለሁ። ያቺን ምልክት ግን አዲስ ፕሮጀክት በከፈትኩ ቁጥር ዛሬም በእጄ ነው የማነሣት።