ፍላት ኬብል ሲያጥር ወይም ሲሰነጠቅ፦ ረጅሙን መግዛት፣ መቀጠያ ቦርድ ወይስ ብየዳ?

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ሰው ስካነሩን ተሸክሞ መጣ። «ያበራል እንጂ አያነብም» አለኝ። በካቻቢቴ አራት ብሎን ፈትቼ መስታወቱን አነሳሁ። ከሚመላለሰው መብራት ጋር አብራ የምትሄደው ነጭ ፍላት ኬብል ጥጉ ላይ እንደ ደብዳቤ ታጥፋ ነበር። ቀና ሳደርጋት ሁለት መስመሮቿ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተለያይተዋል። ሰውየው አንገቱን አስግጎ አየና «በናስትሮ ብናስራትስ?» አለ።

አይሆንም አልኩት። ታዲያ ምን ይሻላል ለሚለው ግን ለሁሉም ዕቃ የሚሠራ አንድ መልስ የለም። ኬብሏ ርካሽ ናት፣ ከኋላዋ ያለው ቦርድ ግን ውድ ነው። በምርጫ ከተሳሳታችሁ የምትከፍሉት የቦርዱን ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ኬብሉ ዕቃው ሲሠራ ይንቀሳቀሳል ወይስ ተኝቶ ይቀመጣል? ሁለተኛ፣ የሚያልፍበት ነገር ዘገምተኛ ነው፣ እንደ ቁልፍና እንደ መብራት? ወይስ ፈጣን ነው፣ እንደ ካሜራና እንደ ስክሪን ምስል? ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

ነጯ፣ ቡናማዋና ብርማዋ

ነጯ ኬብል ፕሪንተር፣ ስካነርና ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ የምናያት ናት። ቀጥ ያሉ ስስ የመዳብ መስመሮች በሁለት የፖሊስተር ሽፋን መሀል ተጣብቀው ነው የምትሠራው። ፖሊስተር 250 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ መጨማደድ የሚጀምረው ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። መበየጃችን ደግሞ 300ን አልፎ ነው የሚሠራው። አስቡት።

ቡናማ ወደ ብርቱካናማ የምታደላው፣ ሠራተኛው «ፍሌክስ» የሚላት፣ የስልክና የላፕቶፕ ናት። ሽፋኗ ፖሊኢማይድ ነው፤ የመበየጃን ሙቀት ትችላለች። መስመሮቿ እንደ ቦርድ የታተሙ ስለሆኑ እንደፈለጉ ይጠማዘዛሉ። ችግሯ ለዚያው ሞዴል ብቻ የተሠራች መሆኗ ነው። በሌላ ቦታ ተለክታ የምትገዛ አይደለችም።

ሦስተኛዋ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በብርማ ወይም በጥቁር ቀለም የታተመችው ናት። ከኪቦርድ ሽፋንና ከማይክሮዌቭ መጫኛ ሥር የምትወጣዋ ጅራት። እሷ ላይ መዳብ የለም። ስለዚህ ሶልደር (ቀልጦ የሚበየድበት ብረት) አይይዛትም፣ አትድከሙ።

ሳትለኩ አትግዙ

ሻጭ የሚጠይቃችሁ አራት ነገር ነው፦ የፒን (የመስመር) ብዛት፣ ፒች፣ ርዝመትና የፊቱ አቅጣጫ። ፒች ማለት ከአንዱ መስመር መሀል እስከ ቀጣዩ መሀል ያለው ርቀት ነው። በብዛት የሚያጋጥመው 0.5፣ 1 እና 1.25 ሚሊሜትር ነው። ሁለት መስመር መሀል ማስመሪያ አስገብቶ መለካት ዋጋ የለውም። ከመጀመሪያው መስመር መሀል እስከ መጨረሻው መስመር መሀል ለኩና ከፒኑ ብዛት አንድ ቀንሳችሁ አካፍሉ። የሰውየው ኬብል 12 ፒን ናት፣ ከዳርና ዳር ያሉት መስመሮቿ ከመሀል እስከ መሀል 11 ሚሊሜትር። 11 ለ11 ሲካፈል 1 ሚሊሜትር። ማረጋገጫም አለ፦ የኬብሉ ሙሉ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከፒኑ ብዛት አንድ ጨምራችሁ በፒች ስታባዙት ይመጣል። እዚህ 13 ሚሊሜትር። ልክ ነው።

አቅጣጫው ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። እኔም ወድቄያለሁ። የኬብሉ ሁለት ጫፎች የተገለጠ መዳባቸው በአንድ ፊት ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዱ ላይ አንዱ ታች። ሻጮች ለእነዚህ የሚሰጡት ፊደል ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ስለዚህ በፊደሉ ሳይሆን በሥዕሉ ግዙ። ራስበሪ ፓይ ለምትባለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ የካሜራ ኬብል ስፈልግ ተቃራኒ ፊት ያላትን አመጣሁ። መዳቡ ከመዳቡ እንዲነካ ብዬ ካሜራው በኩል ገልብጬ ሰካኋት። ገባች፣ ተቆለፈች፣ ደስ አለኝ። ነገር ግን ኬብል ሲገለበጥ ቁጥሩም ይገለበጣል፦ 1ኛው ፒን 15ኛው ላይ ያርፋል። በዚያ ሶኬት 1ኛው መሬት (የኤሌክትሪኩ መመለሻ)፣ 15ኛው ደግሞ 3.3 ቮልት ነው። ማለትም ኃይሉን በቀጥታ ከመሬት ጋር አገናኘሁት። ቦርዱ አልነሳ አለ። ቶሎ ነቀልኩትና ተረፈ፣ ሁልጊዜ ግን አይተርፍም።

ረጅም ኬብል ወይስ መቀጠያ ቦርድ?

ኬብል አጠረ ብሎ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አንድ ወጥ ረጅም ኬብል። መገናኛ በበዛ ቁጥር የሚላቀቅበት ቦታ ይበዛል። ነጯ ኬብል ደግሞ በፒንና በፒች የምትሸጥ ስለሆነች ለዕቃው ብቻ የተሠራ ነገር መፈለግ የለብንም። ለራስበሪ ፓይ 5 ካሜራ ለምሳሌ የ20፣ የ30 እና የ50 ሳንቲሜትር ኬብል ከራሱ ከአምራቹ ይሸጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮው ካሜራ ጫፍ 15 ፒን በ1 ሚሊሜትር ነው፣ የፓይ 5 ሶኬት ግን 22 ፒን በ0.5። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሸጋገረውን ካልገዛችሁ ሁለት ኬብል ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

መቀጠያ ቦርድ ማለት ጀርባ ለጀርባ ሁለት ሶኬት ያላት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰሌዳ ናት። ጥሩነቷ መበየድ አለመፈለጓ ነው። አንዱን ኬብል በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ትሰካላችሁ፣ ትቆልፋላችሁ፣ አለቀ። በዘገምተኛ ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ የፕሪንተር መጫኛ ሰሌዳን ከሳጥኑ ለማራቅ፣ ከእሷ የሚቀል የለም። ሁለቱም ኬብሎች መዳባቸው በአንድ ፊት ከሆነና ቦርዷ ቀጥታ የምታሻግር ከሆነ ውጤቱ እንደ አንድ ረጅም ኬብል ነው። አንዳንዷ ቦርድ ግን ቁጥሩን ታገላብጣለች። ስለዚህ መብራት ሳትለቁ መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርጉና ከ1ኛው ወደ 1ኛው መጮኹን ስሙ። ሠላሳ ሰከንድ አይፈጅም።

በፈጣን ሲግናል ላይ ግን ቦርዷን አልመክርም። የካሜራና የስክሪን መስመሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በመሀላቸው መሬት ይዘው፣ ርዝመታቸው ተመጥኖ ነው የሚሄዱት። መሀል ላይ ሁለት ሶኬት ስትጨምሩ ያ ምጣኔ ይረበሻል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ምስሉ ይንጠባጠባል፤ የማይጠገነው ደግሞ ይኸው «አንዳንዴ» ነው። የቲቪ ቦርድና ፓነልን የምታገናኘው ሰፊዋ ኬብልም እንዲሁ ናት። አንዳንዷ ላይዋ ላይ ብርማ መከላከያ አላት። በተራ ነጭ ኬብል ከተተካች ስክሪኑ ላይ መስመር ቢወጣ አይግረማችሁ።

የሚንቀሳቀስ ኬብል ላይስ? መቀጠያ ቦርድ ፈጽሞ። ርዝመት እዚያ ቀልድ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የአፕል ላፕቶፕ፣ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ስክሪኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የምትጎተት ስስ ኬብል ነበረችው። አጭር ስለነበረች እየተፈተገች ትበላሽ ጀመር፣ ከስክሪኑ ግርጌ ብርሃኑ መጠቃቀር ያዘ። በ2018ቱ ሞዴል ኬብሏ በ2 ሚሊሜትር ረዝማ ተገኘች፣ አፕልም በግንቦት 2019 ነፃ ጥገና ጀመረ። ሁለት ሚሊሜትር!

ጫፉን ቆርጦ መሥራት

ይሄ ማንም አይሸጥላችሁም፣ ግን ነጻ ነው። ስብራቱ ጫፉ አጠገብ ከሆነና ኬብሉ ትርፍ ካለው ይሞከራል። በስለታም መቀስ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ትንሽ እንኳ ከዘመመ ፒኖቹ ሶኬቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ይነካሉ። ከዚያ ምላጩን አጋድማችሁ የአንዱን ፊት ፕላስቲክ ቀስ እያላችሁ ፋቁ። መዳቡ ወረቀት ያህል ስስ ስለሆነ ምላጩን አቁማችሁ ከተጫናችሁ አብሮ ይነሳል። በመጨረሻ ከድሮው ጫፍ ላይ ሰማያዊዋን ፕላስቲክ ድጋፍ ላጡና ከጀርባ በኩል ለጥፏት። እሷን የረሳ ሰው ሶኬቱ አይቆልፍለትም፤ ሶኬቱ በብዛት የሚጠብቀው 0.3 ሚሊሜትር ውፍረት ነው።

በ1 እና በ1.25 ፒች በትዕግሥት ይሠራል። በ0.5 እኔ ከሦስት ሁለቱን አበላሽቻለሁ።

ብየዳ ወይስ የብር ቀለም?

ቡናማዋ ፍሌክስ ተቆርጣ፣ መለዋወጫዋም ጠፍቶ ከሆነ ብየዳ ነው መንገዱ። ሽፋኑ በምላጭ ይፋቃል፣ በአልኮል ይጸዳል፣ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ ከወዲህ ወዲያ ይዘረጋል፣ ከላይ በጨረር የሚደርቅ መከላከያ ቀለም (ማስክ) ይፈስበታል። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ ውጤቱ ዓመታት ይቆያል፤ የተበየደው ቦታ እስካልታጠፈ ድረስ። ሶልደር ሲታጠፍ አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው ያለቀው፣ አልሠራም» ብሎ በሐቀኝነት የሚነግራችሁን ጠጋኝ አምናችሁ ተመለሱ።

ነጯን መበየድ ግድ ከሆነ ቢስመዝ የሚባል ብረት ያለበት ሶልደር አለ፣ 138 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የተለመደው እርሳስ ያለበት 183 ይፈልጋል። ልዩነቱ ፖሊስተሩን ያድናል። ነገር ግን የቢስመዙ ሶልደር ተሰባሪ ነው፣ ተኝቶ ለሚቀመጥ ኬብል ብቻ ያዙት።

የብር ቀለም ወይም የብር ብዕር ተቃራኒ ቦታ አለው። መዳብ ላይ አልወደውም፣ ሲታጠፍ ይላቀቃል፣ ብዙ ኃይልም አይሸከምም። ያቺ ቀለም የታተመባት ሦስተኛዋ ኬብል ላይ ግን ሌላ አማራጭ ስለሌለ ንጉሡ እሱ ነው። አንድ የኪቦርድ መስመር ለማስነሳት ጠብታ ይበቃል። በደንብ ሳይደርቅ ግን አትሞክሩት።

እጃችሁን የምትሰበስቡበት

የመኪና መሪ ውስጥ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልላ የምትዞር ፍላት ኬብል አለች፣ ስፓይራል ኬብል። ስትበጠስ ጥሩንባው ይጠፋል፣ የኤርባግ መብራት ይበራል። ይህችን የሚቀጥል፣ የሚበይድ፣ «ለጊዜው» የሚል ሰው ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ኤርባጉን የምታፈነዳው እሷ ናት። ሙሉዋን ነው የሚቀየረው፣ የሚቀይረውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ቶዮታ ላይ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ መሪው አይነካም።

የቲቪ ፓነል መስታወት ላይ የተጣበቁት ስስ ጅራቶችም የቤት ሥራ አይደሉም። በልዩ ማጣበቂያ ፊልም፣ በማሽን ሙቀትና ግፊት ነው የሚያያዙት።

ፕሪንተር ጭንቅላት ላይ ቀለም የፈሰሰባት ኬብልም ትጠረግና ትመለሳለች ብላችሁ አትሞክሩ። እዚያ የሚያልፈው በአንዳንዱ ፕሪንተር እስከ 40 ቮልት አካባቢ ይደርሳል፣ ቀሪ እርጥበት ጭንቅላቱንም ቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። አዲስ ኬብል፣ ሶኬቱም ጸድቶና ደርቆ።

የት ይገኛል?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌውን ኬብል ሳትይዙ ሱቅ አትሂዱ፣ «የእንትን ፕሪንተር» ብላችሁ መግለጽ አይሠራም። ኬብሉ ላይ የተጻፈው «80ሲ 60ቪ» የሚችለው ሙቀትና ቮልቴጅ ነው እንጂ የክፍሉ ቁጥር አይደለም፣ በእሱ አትፈልጉ። ከውጭ ማዘዝ ከመረጣችሁ ደግሞ ኬብል በፖስታ ውስጥ ይገባል፣ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ላይ አይከብድም። ሳይታጠፍ እንዲመጣ ብቻ ካርቶን መሀል አስገቡት በሉት።

እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የሞተ ዕቃ ነው። ምናለሽ ተራ ወይም የራሳችሁ ጓዳ። ከተጣለ ዲቪዲ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ባለ 24 ፒን፣ 0.5 ፒች ይወጣል። ከድሮ ስካነር ደግሞ የሰውየውን ዓይነት።

በእርግጥም ከመደርደሪያዬ ሥር ከተቀመጠ አንድ ሬሳ ስካነር ባለ 12 ፒኗን አገኘኋት። መዳቧ በአንድ ፊት፣ ከድሮዋ በአራት ሳንቲሜትር ትረዝማለች። ትርፏን በሰፊው አዙሬ መብራቱ በማይደርስበት ጥግ በሁለት ፊት ማጣበቂያ አሳረፍኳት። ሰውየው መታወቂያውን አስቀምጦ አንድ ገጽ አስነበበ፣ ወጣለት። ከዚያ ናስትሮውን አንስቶ የስካነሩን ክዳን ማጠፊያ ጠቀለለበት። እሱ ላይ ምንም አላልኩም።