ለደብረ ብርሃን ፋብሪካ፦ መልቲሞዳል ወይስ ዩኒሞዳል?

ከውጭ በጅቡቲ በኩል ለሚገባ ጥሬ ዕቃ ከሁለቱ የማጓጓዣ ዘዴዎች አንዱ ይመረጣል። ምርጫው ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ስለሚጻፍ ኤል ሲ (በባንክ የሚከፈተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) ሳይከፈት መወሰን አለበት፤ በኋላ ማስቀየር ጣጣ ነው።

ኃላፊነት፦
መልቲሞዳል፦ አንድ ቢል ከመነሻው ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይዘልቃል። የጅቡቲው ጉዳይ የአጓጓዡ ነው።
ዩኒሞዳል፦ ቢሉ ጅቡቲ ላይ ያበቃል። ትራንዚተር (የወደብና የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) መቅጠር፣ የወደብ ክፍያ፣ መኪና ማፈላለግ፣ ሁሉም ያንተ ነው።

መንገድ፦ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሞጆ የደረሰ ዕቃ በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ ሌላ መኪና፣ ሌላ ጫኝና አውራጅ ማለት ነው። በዩኒሞዳል ግን ከጅቡቲ ድንበር ከጋላፊ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ በቀጥታ መምጣት ይቻላል፤ የትራንዚት ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ማሳለፊያ ሰነዱ) መስመርና መዳረሻ ጉምሩክ ለዚያ ከተሞላ። ካልተሞላ መኪናው ኬላ ላይ ይቆማል። ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር መውጣት አለ፤ በክረምት ጉሙ ፊት አያሳይም፣ ከባድ ጭነት ይጎተታል። የመንገዱን ፀጥታ ሳያጣሩ መጫን ድፍረት ነው።

ባዶ ኮንቴይነር፦ በዩኒሞዳል ጅቡቲ ካልተመለሰ ቅጣቱ በዶላር ይቆጠራል።

ሠራተኛ፦ ጥሬ ዕቃ ሲዘገይ ፈረቃ ይታጠፋል፣ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ሌሊት ይጠራል። በአዋጅ 1156/2011 የቀን ትርፍ ሰዓት 1.5፣ የሌሊቱ 1.75 እጥፍ ይከፈላል። ሠራተኛውን የሚያስኮርፈው ግን ከሂሳቡ ይልቅ ፈረቃው መዋዠቁ ነው።

በጅቡቲ የታመነ ትራንዚተር ያለውና ዕቃው የሚያስቸኩለው ዩኒሞዳል ይሻለዋል። የአንድ ወር ክምችት ያለው፣ ዶላር የሚያጥረው መልቲሞዳልን ይያዝ።