ኩፍኝ የያዛት ልጄን ላየችልኝ ሲስተር

ይህን የምጽፈው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚታዩበት ክፍል ለምትሠራ ነርስ ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ ሲስተር ብቻ ልበላት።

የ4 ዓመት ልጄን ትኩሳት ጀመራት። ሳል፣ ንፍጥ፣ ዓይኗ ደም መሰለ። ጉንፋን መስሎኝ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ልጅቷን ሳያዩ አሞክሳሲሊን የሚባል የባክቴሪያ መድኃኒት ሸጡልኝ። በ4ኛው ቀን ከጆሮዋ ኋላ ሽፍታ ወጣ፣ ፊቷን ሞላና ወደ ደረቷ ወረደ። እናቴ ገና ስታያት "ኩፍኝ ነው! ከቤት እንዳትወጣ፣ መርፌ እንዳይነካት" አለች። በርና መስኮት ዘጋን። ሌሊቱን ትንፋሿን ሳዳምጥ አድሬ ጠዋት አዝያት ወጣሁ፣ እናቴም እያለቀሰች ተከተለችን።

ሲስተር ገና ከበር ስታየን ከወረፋው አውጥታ ለብቻችን ክፍል አስገባችን። ቫይረሱ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ፣ የታመመው ልጅ ከወጣ በኋላም አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል የነገረችኝ እሷ ናት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። አልተቆጣቻትም፣ ይሄን መቼም አልረሳውም። "እማማ፣ ከልጆች መለየትዎ ልክ ነው። ብርሃን መቀነስዎም ልክ ነው፣ ዓይኗን ያማታል። መስኮቱን ግን ይክፈቱላት፣ ውሃና ሾርባ ቶሎ ቶሎ ይስጧት። መርፌ ዛሬ አያስፈልጋትም፤ ሳንባዋን ከያዛት ግን ሕክምና እንዳይከለክሏት" አለቻት። እናቴ እንባዋን ጠርጋ "እሺ ልጄ" አለች።

አሞክሳሲሊኑን አሳየኋት። ቫይረስ አይገድልም፣ ጆሮዋ ወይ ሳንባዋ ላይ ሌላ ኢንፌክሽን ከተጨመረ ያኔ ይታዘዝላታል አለች። ቫይታሚን ኤ አፏ ላይ ጨመቀችላት፣ በማግስቱም ደገመቻት፤ ዓይኗን እንዲጠብቅላት ነው። የክትባት ካርዷን ስታይ የ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት አለ፣ የ15 ወሩ የለም። እኔ ነኝ የተውኩት፣ አንዴ ከተከተበች ይበቃታል ብዬ። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 4 ቀን በኋላ ስለምታስተላልፍ ለአፀደ ሕፃናቱ እንድደውል ነገረችኝ፣ ደወልኩ። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ መጠጣት እምቢ ካለች ወይም ከፈዘዘች ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት አለችኝ።

ልጄ ድናለች። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እናቴም ትመርቅሻለች። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ካርዱን ያዙ፣ ክትባቱ በነፃ ነው።