አልትራሳውንዱን ከማንሳታቸው በፊት ለጠየቁኝ ሐኪም

አንዲት የማህፀንና ጽንስ ሐኪምን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ አልጠቅሰውም፤ ሐኪም የምታፈላልጉ ሴቶች ግን አሠራራቸውን መመዘኛ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል ደብዘዝ ያለ ሕመም ነበረኝ፤ ሆዴም ይነፋ ነበር። ያማከርኩት ሁሉ «ጨጓራ ነው» ይለኛል። ምስኪን ጨጓራ ያልተሸከመው ጥፋት የለም! ዶክተሯ ግን መሣሪያውን ሳይነኩ ጠየቁኝ። ሕመሙ ከወር አበባሽ ጋር ይመላለሳል? ጥቂት ጎርሰሽ ትጠግቢያለሽ? ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብሻል? የሆድ ድርቀትስ? በግንኙነት ጊዜ ያምሻል? እያንዳንዱን ለምን እንደጠየቁም አስረዱኝ፤ በኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል በሚያመርተው የሴት አካል ላይ ያደገ እጢ ፊኛን ሲጫን ሽንት ያመላልሳል፣ አንጀትን ሲጫን ያደርቃል። አብዛኛው ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ ይኖራል።

የተገኘው በኦቫሪዬ ላይ ያለ ውሃ የቋጠረ እጢ ነበር፤ ግድግዳው ስስ፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር። በየወሩ እንቁላል የምታድግባት ትንሽ ከረጢት ሳትፈነዳ ስትቀር፣ ወይም ከፈነዳች በኋላ ተዘግታ ፈሳሽ ስትይዝ እንዲህ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 የወር አበባ ዑደት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ስብና ፀጉር፣ አልፎ አልፎም ጥርስ የሚይዘው ዓይነት ግን በራሱ አይጠፋም። ከማህፀን ቱቦው አጠገብ የሚወጣም አለ። ካረጡ በኋላ የሚታይ እጢ ደግሞ ይበልጥ በጥንቃቄ ይመረመራል።

የካንሰር የደም ምርመራ ይዘዙልኝ ብዬ ለምኜ ነበር፤ አላዘዙም። በወጣት ሴት ላይ ውጤቱ በወር አበባም፣ በኢንፌክሽንም ከፍ ስለሚል ከመርዳቱ ማስጨነቁ ይብሳል አሉኝ። ምርመራ በመከልከሉ የሚመሰገን ሐኪም እምብዛም አይገኝም፤ እኔ ግን አመሰግናለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት በእጃቸው ጽፈው የሰጡኝን ወረቀት ነው። በአንድ ወገን በድንገት የሚጀምር ኃይለኛ ሕመም ከማስታወክ ጋር ከመጣ ኦቫሪው ተጠምዝዞ ደም እንዳያገኝ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሕመሙ ጋብ ቢልም እንኳ መዘናጋት አይገባም። ከግንኙነት ወይም ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ የሚወጋ ሕመም መጥቶ ራስ ካዞረ ወይም ሰውነት ከዛለ፣ እጢው ፈንድቶ ውስጥ ለውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከታከለበትም እንዲሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የወር አበባ የዘገየባት ሴት ደግሞ የእርግዝና ምርመራ ማድረግ አለባት፤ ከማህፀን ውጪ የሆነ እርግዝና ተመሳሳይ ሕመም ያመጣልና።

እንዲህ ያለ ወረቀት ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። ስትሄዱም የመጨረሻው የወር አበባችሁ የጀመረበትን ቀን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎበዝ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።