የክሊኒክ ማስታወቂያ በማኅበራዊ ሚዲያ፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሸጠው «ፓኬጅ» ዋጋውን ያወጣል?

ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ክሊኒክ ሲከፈት ታፔላው ሳይሰቀል የማስታወቂያ ሰዎች በሩ ላይ ይደርሳሉ። ይዘውት የሚመጡት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ በወር 12 ገደማ ፖስተር፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ገጽ «ማኔጅመንት»፣ አንድ ሁለት ቪዲዮ፣ ትንሽ ቡስት (ፖስቱን በክፍያ ለብዙ ሰው ማሳየት)። ፓኬጁ እንዳለ የሚገዛ አይደለም። ከውስጡ ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጨው የፌስቡክ ማስታወቂያው ብቻ ነው፣ እሱም በደንብ ከተነጣጠረ። ለሰሜን ሸዋ ክሊኒክ ይበልጥ የሚጠቅሙት ጉግል ማፕና የቴሌግራም ቻናል ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓኬጁ ውስጥ የሉም። ነጻ ስለሆኑ ሻጩ የሚያተርፍባቸው ነገር የለም።

ከፖስተሩ እንጀምር። ከ12ቱ ሦስት አራቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። መስከረም ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል ተደራርበው የወሩን ኮታ ይበሉታል። የቀረው ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ሐኪም ፎቶ ነው፤ አንገቱ ላይ ማዳመጫ፣ ከሥሩ «ጤናዎ ለእኛ ቅድሚያ ነው»። አርማውን ብቻ ቀይሮ ለጥርስም ለዓይንም ክሊኒክ መለጠፍ ይቻላል፤ ይለጠፋልም። ሰው ከክሊኒክ ገጽ የሚፈልገው ግን ማን እንደሚያየው፣ ሐኪሙ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚፈጅበትና በሩ የት ጋ እንደሆነ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ ጎን ያለው ባንክ ወይም ፋርማሲ እንዲገባ ተደርጎ በስልክ የተነሳ የበሩ ፎቶ የአንድ ወር ፖስተር ያስንቃል።

ይዘቱ አገሩንም ማወቅ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ ሳልና አስም ያለበት ሰው ይጨነቃል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ የሚያሳስበው ወባ ነው። አንድ ጽሑፍ ለሁለቱም አይሆንም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ሰዓቱን እንዴት እንደሚያደርጉት ግራ ይገባቸዋል። ሐኪሙ «ጾም ከመያዛችሁ በፊት መጥታችሁ አማክሩን፣ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ» ብሎ በአንድ ደቂቃ ቢያስረዳ ቤተሰቡ በሙሉ እየተቀባበለ ያየዋል።

አሁን ወደ ፌስቡክ። ብዙዎቹ አስተዋዋቂዎች የሚስቱት ዋና ነገር የሚያየው ማን ነው የሚለው ነው። መሐል ሜዳ ወይም እነዋሪ ያሉ እናት ዓይናቸው ቢደክም ፌስቡክ ከፍተው ክሊኒክ አይፈልጉም። የሚፈልገው አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ነው፤ ደውሎ የሚጠይቀውም፣ በቴሌብር ገንዘብ የሚልከውም እሱ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ለልጅየው መጻፍ አለበት፦ «እናትዎን ማን ያመጣቸዋል? ከመነኻሪያ እንዴት ይደርሳሉ? ውጤቱን ለእርስዎ በስልክ ማስረዳት ይቻላል፣ እሳቸው ከፈቀዱ።» እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፓኬጆቹ ውስጥ አይገኝም ማለት ይቻላል።

አነጣጠሩም ከዚህ ይከተላል። ፖስቱ ሥር ያለውን የ«ቡስት» ቁልፍ ዝም ብሎ መጫን ላይክ ያበዛል እንጂ ስልክ አያስደውልም፤ በፌስቡክ የማስታወቂያ መሥሪያ፣ በአድስ ማናጀር፣ ገብቶ ዓላማውን መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ ማድረግ ይሻላል። ለቦታው ደብረ ብርሃን ላይ ምልክት ተክሎ 40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ መስጠት የተለመደ ነው። ክቡ የሚለካው በቀጥታ መስመር ስለሆነ 40 ኪሎ ሜትር ሸዋ ሮቢትንም መሐል ሜዳንም አያገኝም። ወደ ጣሪያው፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር፣ ቢዘረጋ ሁለቱንም ይይዛል፤ አዲስ አበባን ግን አሁንም አይነካም። ስለዚህ አዲስ አበባን ለብቻው በሌላ ማስታወቂያ መያዝ ነው፣ ዕድሜውን ከ25 እስከ 50 አድርጎ። ቋንቋ የሚለውን ማጣሪያ ባዶ ተዉት። የብዙ ሰው ስልክ እንግሊዝኛ ላይ ስለሆነ «አማርኛ» ብላችሁ ብትመርጡ አማርኛ አንባቢውን ራሱን ታስወጡታላችሁ። ሌላም ጣጣ አለ፦ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ «በቦታው ያለ» የሚለው በቅርቡ ያለፈበትንም ይጨምራል። ከተማዋ የደሴ መንገድ ላይ ስለሆነች ቁርስ በልቶ ያለፈ ተሳፋሪ ሁሉ ይቆጠራል። «50 ሺህ ሰው አየው» የሚል ሪፖርት ሲመጣ ይህን አትርሱ።

ማስታወቂያ ሲከለከልም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው። «ስኳር አለብዎት?» ብሎ ሰውየውን በበሽታው መጥራት ሜታ አይፈቅድም፤ «የስኳር ክትትል ክፍላችን» ማለት ይቻላል። «በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ፎቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥም የቆዳና የክብደት ማስታወቂያዎችን ያስጥላል። ተደጋግሞ ሲከለከል አካውንቱ ራሱ ሊታገድ ይችላል፤ በአስተዋዋቂው አካውንት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሌላው ደንበኛ ባጠፋው እናንተም አብራችሁ ትታገዳላችሁ።

ክፍያው በውጭ ምንዛሬ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ አብዛኛው ክሊኒክ በሰው በኩል ይከፍላል። እዚህ ላይ አይን መግለጥ ያስፈልጋል። ለሜታ የተከፈለው ዶላር ስንት እንደሆነና የአገልግሎቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ፤ ከሜታ የሚወጣው ደረሰኝ በየወሩ ይቅረብ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ያው ብር የሚገዛው ዶላር በጣም አንሷል። «እንደ ድሮው ነው የምናስከፍለው» የሚል ካለ የቀነሰው ከማስታወቂያው ላይ ነው ማለት ነው።

ቴሌግራም ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነው፤ ለዚህ አካባቢ ከሁሉም በላይ እናስቀምጠዋለን። ኔትወርክ ደካማ በሆነበትም ጽሑፍ ያደርሳል። የሚከፈተው ግን ቻናል እንጂ ግሩፕ አይሁን፦ ግሩፕ ውስጥ አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ፣ የአባላዘር በሽታ የሚከታተል ሰው የጎረቤቱን ስም እዚያው ያገኘዋል። ቻናል ላይ አባላቱን የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። አባል የሚሰበሰበው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ በሚለጠፍ ኪውአር ኮድ ነው። ከሻጭ የተገዛ አባል በዓይን ይታወቃል፦ 6 ሺህ አባል ያለው ቻናል ላይ ከፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት 80 ካለች የቀረው ሰው የለም።

የቴሌግራሙ ትልቁ ጥቅም ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ስፔሻሊስቶች ማሳወቅ ነው። ጥሩ ፖስት ይህን ይመስላል፦

«የቆዳ ሐኪም ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 8 ሰዓት አሉ። ካርድ የሚወጣው እስከ 6 ሰዓት ነው። የካርድና የምርመራ ዋጋ ከዚህ በታች ተጽፏል። የሚቀቡት ወይም የሚውጡት መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ። ወረፋ በስልክ ይያዛል።»

ረቡዕ ይለጠፋል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ እንደሚመጡ በስልክ ተረጋግጦ «የተረጋገጠ» ተብሎ እንደገና ይወጣል። ከቀሩ የቀድሞው ፖስት አይጠፋም፤ ተስተካክሎ አናቱ ላይ «ቀርቷል» ይጻፍበታል፣ ወረፋ ለያዙት ሁሉ ይደወላል። ብዙ ክሊኒክ ስሙን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው። ሌሊት ተነስቶ ከመሐል ሜዳ የመጣ ሰው ሐኪሙ የለም ተብሎ ሲመለስ በመኪናው ውስጥ ላለው ሁሉ ይናገራል፤ ያንን በምንም ቡስት አትመልሱትም። የላብራቶሪ ዝግጅትም ከዚሁ ጋር ይጻፍ፦ ለጾም ስኳር ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መቆየት፣ ለሆድ በታች አልትራሳውንድ ውኃ ጠጥቶ ሽንት መያዝ። አለዚያ ሰውየው ቁርሱን በልቶ ይመጣና ነገ ተመለስ ይባላል።

ጉግል ማፕ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያገለግላል። ማረጋገጫው አሁን አሁን በቪዲዮ ነው፦ ሳይቋረጥ መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ከዚያ በሩን በቁልፍ ስትከፍቱና የምርመራ ክፍሉን እያሳያችሁ ትቀርጻላችሁ። ታፔላው ላይ ያለው ስም ከምታስገቡት ስም በፊደል ካልገጠመ ይመልሰዋል። ስሙ ከፈቃዱም ጋር ይግጠም፤ የመካከለኛ ክሊኒክ ፈቃድ ይዞ ማፕ ላይ «ሆስፒታል» መባል ከተቆጣጣሪ ጋር ያጣላል። ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ሰዓቱ ነው፦ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 ለማለት 2:00 እና 12:00 ይሞላል፣ ማፑም ክሊኒኩ ክፍት ሆኖ ሳለ «ተዘግቷል» ይላል። 8:00 ኤኤም እና 6:00 ፒኤም ነው የሚገባው። የመንገድ ስም ስለሌለ ማፑ ራሱ የሚሰጠውን የቦታ መለያ፣ ፕላስ ኮዱን፣ ገልብጦ ቴሌግራሙ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል። አስተያየት ደግሞ ሠራተኛውን ሰብስቦ በአንድ ቀን በአንድ ዋይፋይ ማስጻፍ ዋጋ የለውም፤ ጉግል ያነሳዋል። ለመጥፎ አስተያየት ሲመለስም «ያኔ ስናክምዎ» አይባልም፤ ሰውየው ታካሚ መሆኑን ማረጋገጥ ራሱ ምስጢር ማውጣት ነው። «በስልክ ያነጋግሩን፣ እንመለከተዋለን» ይበቃል።

ቲክቶክ ለጥርስና ለቆዳ ክሊኒክ ይሆናል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ እዚያ ስላለ። ለሌላው ክሊኒክ ከድካሙ አንጻር ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ 100 ሺህ ዕይታ ቢመጣ አብዛኛው ከጅማ ወይም ከሐዋሳ ነው። የሚሠራ ከሆነ አንድ ጥያቄ፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ፣ ስልኩ ቁም ተደርጎ፣ ማይክሮፎኑ ጋወን አንገት ላይ ተሰክቶ። አስተያየት መስጫው ይጠበቅ፤ ሰው ሕመሙን ከነስሙ ይጽፋል፣ ወዲያው ደብቆ በውስጥ መመለስ ያስፈልጋል። መድኃኒት በመልእክት አይታዘዝም።

ስለ ምስጢር ከተነሳ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። የታካሚ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይወጣም፤ ፈቃዱ ላይ የት እንደሚለጠፍና ሰውየው ሐሳቡን ሲቀይር እንደሚወርድ ይጻፍ። ፊትን ማደብዘዝ ብቻውን አይበቃም። እንደኛ ባለ ከተማ ሰው በድምፁ፣ በጋቢው፣ በአካሄዱ ይታወቃል። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትን ለሕዝብ ማስተዋወቅም በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ክልክል ነው፤ «እንዲህ ያለ መርፌ ገብቷል» የሚሉ ፖስቶች እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ።

ኢንተርኔት የሚቋረጥበትንም ቀን ማሰብ ግድ ነው። ነሐሴ 2015 ላይ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። እንዲህ ሲሆን የተከፈለበት ማስታወቂያ በዚያው ቀን ይቁም፤ አለዚያ ገንዘቡ መምጣት ለማይችል ሰው ይፈስሳል። የሚተካው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ለዚህም ካርድ ሲወጣ «መልእክት እንላክልዎ?» ተብሎ ተጠይቆ ፈቃደኛ የሆኑት ስልክ ይያዛል። በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ በላቲን 160። ከ70 ካለፈ ተከፋፍሎ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ለሺህ ሰው ሲላክ ሒሳቡ እጥፍ ነው። «ቅዳሜ የቆዳ ሐኪም አሉ። ከ3–8 ሰዓት። ካርድ እስከ 6።» 40 ፊደል አይሞላም፤ የክሊኒኩን ስምና ስልክ ቁጥር ለመጨመር ቦታ ይተርፋል።

ፓኬጁን ወይም ከፊሉን ለመግዛት የወሰነ ከመፈረሙ በፊት ገጾቹ በማን ስም እንደሚከፈቱ ይጠይቅ። በአስተዋዋቂው ወይም በአንድ ሠራተኛ የግል ፌስቡክ የተከፈተ ገጽ ሰውየው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ ተከታዩም፣ የተጠራቀመው የታካሚ መልእክትም። በክሊኒኩ ኢሜይልና በክሊኒኩ ሲም ይከፈት፣ ሁለት አስተዳዳሪ ይኑረው፣ ባለ ሁለት ደረጃ መግቢያው ይብራ፤ አስተዋዋቂው ፖስት የማድረግ ፈቃድ ብቻ ይሰጠው። መልእክት የሚመልስ ሰውም በስም ይመደብ። ማታ የተላከ ጥያቄ በማግስቱ ከሰዓት ሲመለስ ጠያቂው ሌላ ቦታ ካርድ አውጥቷል።

ውጤቱ የሚለካው ካርድ ክፍል ነው። ለፌስቡኩ አንድ ሲም፣ ለቴሌግራሙ ሌላ ሲም ይሰጥ። አዲስ ካርድ የሚያወጣ ሰው «በማን ሰሙ?» ይባልና መዝገቡ ጥግ ላይ አንድ ፊደል ይጻፍ፦ ፌ፣ ቴ፣ ቲ፣ ማ፣ ከሰው የሰማ ደግሞ ሰ። ወር ሲሞላ ለፌስቡክ የወጣው ገንዘብ ለ«ፌ»ዎቹ ቁጥር ይካፈል። አንድ አዲስ ታካሚ ያስወጣው ገንዘብ ክሊኒኩ ከእሱ ከሚያገኘው ከበለጠ ማስታወቂያው ይቁምና ጽሑፉ ይቀየር። አስተዋዋቂው ይህን ቁጥር ሲያይ ስለ ላይክ ማውራት ከጀመረ ውሉን አታድሱ።