400 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር ቤቴን ሊያነድ ነበር

የመብራት ጫጫታ ማጣሪያ ያለውን ዲቫይደር የገዛሁት ለመንዙማ ብዬ ነው። እዚህ ደሴ፣ ከቤታችን ጀርባ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አለ። እነሱ ሥራ ሲጀምሩ የእኔ ስፒከር ይንጫጫል። መንዙማ ደግሞ የሰው ድምፅና ድቤ ነው። አውጪው ትንፋሽ ሲሰበስብ ባለችው ዝምታ ውስጥ «ጠሽ ጠሽ» ከገባ፣ ጆሮ ሌላ ነገር አይሰማም።

ሰባት ወር ሠራ። ጫጫታውም ቀንሶ ነበር፣ አልክድም።

ከዚያ አንድ ማታ መብራት ሄዶ መጣ። ልጄ እዚያው ክፍል ተኝቷል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሮጬ ስገባ ዲቫይደሩ ይጨሳል። ነቅዬ ደጅ ወረወርኩት። እስኪነጋ ድረስ እንቅልፍ የሚባል አልነበረም።

ጠዋት ከፈትኩት። ውስጡ አንድ ቡናማ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ እየያዘ ጫጫታውን የሚያጣራ ትንሽ ዕቃ፣ ሆዱ ፈንድቷል። ላዩ ላይ 400 ቮልት ይላል። ይዤው ወደ ሻጩ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ የኛ መብራት 220 ነው። ይሄ እኮ 400 ይችላል፤ ምን ጎደለው?» አለኝ። ያኔ መልስ አጣሁ። አሁን ግን አለኝ፤ በሱቁ በኩል ባለፍኩ ቁጥር በልቤ እነግረዋለሁ።

400ው የዲሲ ነው፣ ወንድሜ። እንደ ባትሪ፣ አቅጣጫው ለማይለወጥ። የግድግዳው ኤሲ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። 220 የምንለውም ጫፉ አይደለም፤ ጫፉ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም አንድ ትልቅ ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ለቅጽበት ከሺህ ቮልት የሚያልፍ ግፊት ሊመጣ ይችላል። ተራ ካፓሲተር በዚህ ሲበሳ ሁለቱን የመብራት ሽቦዎች ያገናኛል። ይግላል፣ ይነዳል።

እዚህ ቦታ መግባት ያለበት ኤክስ 2 (X2) የሚባለው የካፓሲተር ዓይነት ነው። ላዩ ላይ 275 ቮልት ኤሲ ስለሚል ከ400ው ያነሰ ይመስላል። ግን የ2,500 ቮልት ቅጽበታዊ ግፊት እንዲችል ተፈትኖ ነው የሚወጣው። ቢበሳ እንኳ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ስስ ብረት ተንኖ ይጠፋና ራሱን ያድናል። አካሉም እሳት እንዳያዛምት ተደርጎ የተሠራ ነው። ሁለቱን በመልካቸው ብቻ መለየት አያስተማምንም። ጽሑፉን ማንበብ ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው ይህን ያስረዱኝ። አዲስ ኤክስ 2፣ 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ከፊውዙ በኋላ በየዱልኝ። አጠገቡ ቻርጁን የምታፈስ ሬዚስተር ጨመሩ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እግሩን የነካ ሰው እንዳይነዝረው።

ሌላም አሳዩኝ። ከሁለቱ ሽቦዎች ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ወደሚያወርደው ሽቦ፣ የሚሄዱ ሁለት ትንንሽ ሰማያዊ ካፓሲተሮች አሉ፤ ዋይ 2 (Y2) ይባላሉ። እነሱስ ትክክለኛ ናቸው። እዚያ ቦታ ተራ ነገር ገብቶ ቢበሳ መብራቱ ቀጥታ የአምፕሊፋየሩ ብረት ላይ ይመጣል። የእኛ ችግር ግን ቤታችን ግራውንድ የለውም ነበር። በነሱ የምታልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ መውጫ አጥታ ብረቱ ላይ ትቀመጣለች። እናቴ አቧራ ስትጠርግ «ይሄ ዕቃ ይነዝራል» ስትል ለወራት አላመንኳትም። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ግራውንድ አስቀበርን፤ ቆመ።

ከተቀየረ ሁለት ወር ሆነው። ዝቅ ያለውን «እምም» የሚል ድምፅ አያጠፋም፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው። የብየዳውን ጠሽታ ግን ይዞልኛል። ዛሬ ከሰዓት እነሱ ሲበይዱ አንድ ሙሉ መንዙማ ሰማሁ።

ዲቫይደሩን እንደተሸጠ ለማንም አልመክርም። ውስጡን ካላየሁት በነፃ ቢሰጠኝም አልሰካውም። የልጄን አልጋ ወደዚያ ክፍል እስካሁን አልመለስኩትም።